በድሮው መናኸሪያ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሣር

ከቤቴ ደጅ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቼ ተቀምጫለሁ። እንዲያውም አላስወጣሁም፤ ወንበሩ የጎረቤት ነው። ቤቱ የራሴ ነው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው፣ መግባት ግን አልችልም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደፉ ላይ አንድ እፍኝ ለምለም ሣር ተቀምጦ አገኘሁ። ባለቤቴ ታደለች ሣሩን አስቀምጣ ላንቴ መንደር፣ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። በጋሞ ምድር ግን ሽማግሌ ለምለም ሣር ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ በሁለት ጠበኞች መካከል ካኖረ፣ እርቅ ሳይወርድ ያንን ሣር የሚሻገር እግር የለም። እርግጥ ታደለች ሽማግሌ አይደለችም፤ ሥልጣኑንም የሰጣት የለም። ይህን ብላት መልሷን አውቀዋለሁ፤ "እስቲ ተሻገረውና ልይህ!" ነው የምትለኝ። ይኸው ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፣ እኔም አልተሻገርኩም። ጎረቤቴ ሻይ ይዛልኝ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ዛሬም ተጣላችሁ?" ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀችብኝ። ይሁን፣ ትሳቅ።

ጠቡ የትናንት ነው። በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ የድሮው መናኸሪያ ጎን የተደረደሩት ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ሊሠራባቸው ነው የሚል ወሬ ሰማን። እኔም የሰለጠንኩ መስሎኝ፣ "እሰየው! ያ ሁሉ ጭቃ ይነሳልን" አልኩ። በቃ፣ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው። ታደለች የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። "ጭቃ?" አለች። "ጭቃ ነው ያልከው?" "ኧረ አንቺ ሴት፣ የጭቃ ቤት ጭቃ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?" ብል ማን ይስማኝ። ራት ቀረበልኝ፣ ቃል ግን አልቀረበልኝም። ይኸው ዛሬ ደግሞ ደጅ ላይ ተቀምጬ፣ የተነቀለው ሣር ሽታ አፍንጫዬን እየነካው፣ ሳልወድ በግድ ያንን ጭቃ ማሰብ ጀመርኩ። እሷም የፈለገችው ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ፣ አውራ ጣት ከማያስገባው ጠባብ ሱሪ ሰዉ ወጥቶ፣ መሬት የሚጠርገው ቦላሌ የገባበት ጊዜ ነው ብል ይበቃል። ይህንን የማውቀው ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ ነው። ከአክስቴ ከእትዬ የሺ ዓሣ ቤት በረንዳ ላይ የእግር መኪናዬን ዘርግቼ እውል ነበር። የኮሌጁ ተማሪዎች ከአዲስ አበባም፣ ከደሴም፣ ከድሬዳዋም ይመጡና አባታቸው የገዛላቸውን ጨዋ ሱሪ ከጉልበት በታች ቀድጄ ጨርቅ እንድጨምርበት ይለምኑኛል። አንዱ ግራጫ ሱሪውን በቡኒ ጨርቅ አስጨምሮ፣ ፋሽን ነው ብሎ ግቢውን በሙሉ አሳመነ፤ ሳምንት ሳይሞላ ቡኒ ጨርቅ ከሲቀላ ሱቅ ሁሉ ጠፋ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ደህና ቆሮሶ ዓሣ ከሚያቃጥል ዳጣና ከሁለት ዳቦ ጋር በሦስት ብር ትበላለህ፤ አምባዛ ካሰኘህ ደግሞ ትንሽ ትጨምራለህ። ከፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ ባለቤቱ ፍቅር ይዞት ነው ይባል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ቁልቁለቱን በእግሩ ወርዶ፣ በልቶ፣ ተላጭቶ፣ ሱሪውን አስተኩሶ፣ እያለከለከ ዳገቱን ይመለሳል። ሴቻ ቢሮ ነበረች፣ ሲቀላ ደግሞ ሆድ። አንድ የድሬ ልጅ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባቡር ጣቢያቸው፣ ስለ ፉጨቱና ስለ ግርግሩ አውርቶ አውርቶ፣ "እናንተ ግን ያለ ባቡር እንዴት ነው የምትኖሩት?" ሲል፣ ከወዲያኛው ዓሣ ቤት በር እትዬ አማረች፣ "ባቡር ለምኔ! የከድር አውቶብስ አለልኝ!" አለችው። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ አማረች የታደለች እናት ናት። ከጨንቻ ደጋ በልጅነቷ ወርዳ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ሁለት ሴት ልጆች በዓሣ መጥበሻ ያሳደገች ሴት ናት። ትልቋን ላንቴ ለአንድ ሙዝ አምራች ድራ፣ ታደለችን ይዛ ቀርታለች። የእኔዋ አክስት እትዬ የሺ ደግሞ ወታደር ባሏን ተከትላ ከሸዋ መጥታ፣ ባሏ ሲሄድ እሷ የቀረች ናት። ምላሷ ከዳጣዋ ይብሳል። የሁለቱ ዓሣ ቤት ጎን ለጎን፣ በረንዳውም አንድ ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ጥልቅ የጎርፍ ቦይ። ዓሣ አሠራራቸውም አንድ ነው። ቀድሞ የተጠበሰ ዓሣ ለመንገደኛ ማቅረብ በዚያ ሠፈር ነውር ነበር፤ ዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገባው የአዲስ አበባው አውቶብስ ከተማው መግቢያ ላይ ክላክስ ሲያሰማ ነው። ሰዉ ወርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ዓሣው ይደርሳል። ሾፌሮቹ ሁለት ነበሩ፣ ቀን ይቀያየራሉ። ጋሽ ታፈሰ የአክስቴ ደንበኛ ነው፤ የእሱ አውቶብስ ክላክስ እንደ ላም ረዥም ያገሳል። ጋሽ ከድር የእትዬ አማረች ነው፤ ዜማ ያለው ክላክስ አስገጥሟል፣ ሁለት አጭር አጭር፣ አንድ ረዥም፣ መጨረሻ ላይ ቅልጥ የሚል። መንገደኛው ሾፌሩን ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ ላሟ ስታገሳ አክስቴ ትጠብሳለች፣ ዜማው ሲሰማ እትዬ አማረች። ለዓመታት እንዲህ ተከባብረው ኖሩ፤ ጨው ይበዳደራሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታስታምማለች።

እኔና ታደለችም በዚያው በረንዳ ላይ ነው የተዋደድነው። ምንም የሚደበቅ ነገር አልነበረውም። አረንጓዴ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ልኬቱን ስወስድ እጄ ሲንቀጠቀጥ አክስቴ አይታ፣ "ልጄ፣ ወባ ነው?" አለችኝ። ነገሩ እየጠና ሄዶ፣ ሽማግሌ ልልክ ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አባባ ኩሳ ነበሩ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋቢ የሚሸምኑ፣ በደጋ አገራቸው ሰው የሚያስታርቁ፣ ድምፃቸው ከማጠንጠኛቸው የማይበልጥ ሽማግሌ። መቸኮል ነበረብን። የታደለች አጎት ከሶዶ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አጭቶላት ኖሮ፣ እትዬ አማረችን ወጥሮ ይዟታል። እሷም ለእኔ ልቧ ቢያደላም፣ "እስከ መስቀል ሽማግሌ ከገባ ገባ፤ ካልገባ ወንድሜን እምቢ ማለት አልችልም" ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። መስቀል ደግሞ ደርሷል፤ ክረምቱ እየወጣ፣ አደይም መፈንዳት ጀምሯል።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ቀኑ የጋሽ ታፈሰ ነበር። ሁላችንም ላሟን ስንጠብቅ ከከተማው መግቢያ የጋሽ ከድር ዜማ ተሰማ። እትዬ አማረች፣ "ዛሬ ደግሞ ለእኔ አዳልቶ መጣ!" ብላ ያላትን ዓሣ ሁሉ ዘይት ውስጥ ከተተች። አክስቴ ደግሞ፣ "የእኔው ሶዶ ቀረ ማለት ነው" ብላ ምጣዷን ከደነች። አውቶብሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ከሾፌሩ ወንበር የወረደው ግን ጋሽ ታፈሰ! የእሱ መኪና ሶዶ ላይ ተበላሽቶበት የከድርን ተውሶ ነው የመጣው። እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ አክስቴ ቤት ገባ፤ የተራበው መንገደኛም ተከተለው። አክስቴ ዘንድ ከዳቦ በቀር ምንም የለም። እትዬ አማረች ዘንድ የተቆለለ ዓሣ አለ፣ የሚበላው የለም። እትዬ አማረች ዓሣው እንዳይበላሽባት ብላ ከበሯ ሆና፣ "ኑ፣ እዚህ ደርሷል!" ብላ ተጣራች። አክስቴ ወጣች።

"እንግዳዬን ከማዕዴ ላይ ትጠሪያለሽ?"

"ባዶ ማዕድ ነው ያለሽ!"

"ባዶ ያስቀረሽው አንቺ! ክላክስ አስቀይረሽ አዋረድሽኝ!"

"እኔ? አንቺ ነሽ የከድርን መኪና ያስቀማሽኝ! መጤ!"

መጤ። ይህቺ ቃል በዚያን ጊዜ ከአፍ ስትወጣ እንደ ዛሬው ሁሉ ታስፈራ ነበር። ካሴት ቤቱ እንኳ ዘፈኑን ያቆመ መሰለኝ። አክስቴ ፊቷ አመድ ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ ውሃ የተጋራቻት ሴት ናት እንዲህ ያለቻት። የጋለውን ዘይት በጭልፋ ቀድታ መራመድ ስትጀምር እኔም ታደለችም ጮህን። ግን ቀድመውን አባባ ኩሳ ደርሰዋል። ከቦዩ ዳር አንድ እፍኝ ሣር ነጭተው፣ በሁለቱ ሴቶች መካከል በረንዳው ላይ ተንበርክከው፣ ሣሩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። "በቃ፣ ልጆቼ" አሉ። "በቃ። ነገ እንነጋገራለን።" አክስቴ ጭልፋዋን ዝቅ አደረገች። እትዬ አማረች ቤቷ ገባች። መንገደኛው ዳቦውን በሻይ በልቶ ሄደ።

ነገ ግን አባባ ኩሳ አልነበሩም። ከካምባ የእህታቸው ባል ሞተ የሚል መርዶ መጥቶ ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ሄደዋል። ሣሩ እዚያው ቀረ። ማን ያንሳው? አስታራቂው የለም፣ እርቅ የለም። በረንዳው ደግሞ እንዳልኳችሁ በግድግዳና በቦይ የታጠረ ነው፤ ከእኛ በር ወደ እነሱ በር ለመሄድ ያ ሣር መሻገር አለበት። ስለዚህ ሠፈርተኛው ሁሉ መዞር ጀመረ። አውቶብሱ እንኳ በረንዳው ፊት መቆም ተወ፤ ረዳቱ የጋሞ፣ የቦንኬ ልጅ ነበርና ሾፌሩን፣ "ጋሼ፣ ሣር አለ፤ አይሆንም" አለው። ሙዝ መጫኛው ጋ ቆሞ ያራግፍ ገባ። መንገደኛው ሌላ ቤት ይበላል፤ ሁለቱ ሴቶች በየበራቸው ቆመው ያያሉ። እኔ ደግሞ ጣቴን በመርፌ እየወጋሁ ቀን እቆጥራለሁ። በጠብ መሃል ሽማግሌ አይላክም፤ የሽማግሌው መሪም ካምባ ናቸው፤ መስቀል ግን ማንንም አይጠብቅም።

የሚገርመው፣ ያንን ሠፈር በደንብ ያወቅሁት በዚያ ዙሪያ ጥምጥም ነው። የውሃው ቦኖ በእኛ በኩል ስለነበር ታደለች ጀሪካኗን ይዛ መናኸሪያውን በሙሉ ዞራ ትመጣለች። ላንቴ ሙዝ ከነቅጠሉ በሚጫንበት ታልፋለች፤ ጫኞቹ ላባቸውን እየጠረጉ ቦርዴ በቅል ይጠጣሉ። ከሰልባጅ ልብሱ ክምር ጎን፣ ግድግዳው ላይ የጎፈሬ ሥዕል ካለበት ፀጉር ቤት፣ ከካሴት ቤቱ ጎን ታልፍና ባዶውን የአባባ ኩሳን ሸማ መሥሪያ አየት አድርጋ፣ በመጨረሻ እኔ ጋ ትደርሳለች። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ከሩቅ ሳያት እግሬ ከመኪናው ፔዳል ላይ ይወርዳል። ቆማ አታወራም፤ እናቷ ታያለች። እያለፈች ብቻ፣ "ከካምባ ምን ሰማህ?" ትለኛለች። "ምንም።" በማግስቱም እንደዚያው። አንድ ቀን አንጀቴ አረረና፣ "የደረቀ ሣር ነው! ተሻግሬ እናትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ" አልኳት። ጀሪካኗን አስቀመጠች። አስቀምጣም አታውቅ። "ከተሻገርከው" አለችኝ፣ "የሶዶውን ነጋዴ አገባለሁ።" አንስታ ሄደች። እኔ የሸዋ ዘር፣ ሣር ለከብት ነው ብዬ ያደግሁ ሰው፣ ያን ቀን ሣር ፈራሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እፈራለሁ።

አክስቴ ትሻገራለች ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ የእሷ ባህል አይደለማ። እሷ ግን፣ "ለሽማግሌው ብዬ ነው እንጂ ለእሷስ ብዬ አይደለም" እያለች ጠዋት ጠዋት በረንዳዋን እስከ ሣሩ ድረስ ጠርጋ ትመለሳለች። እትዬ አማረችም ከወዲያ በኩል እስከ ሣሩ ትጠርጋለች። መጀመሪያ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባ ነበር። ቆየት ብሎ መጥረጊያዎቹ በአንድ ሰዓት ይሰሙ ጀመር። አይተያዩም፤ ይጠርጋሉ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ከድር ዜማ ተሰማ። ያን ቀን ጋሽ ከድር ደንበኛዬን አልተውም ብሎ መንገደኛውን በጀርባ በኩል በእግር ወደ እትዬ አማረች ቤት እያመጣ ነው። አክስቴ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች። የዘይት ድምፅ የለም። "ምነው ዝም አለች?" አለችኝ። እትዬ አማረችን ወባ ጥሏት፣ ታደለች መድኃኒት ፍለጋ ሴቻ ወጥታ ነበር። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። ከዚያ የራሷን ዓሣ አንስታ ዘይት ውስጥ ከተተችው። ሲደርስ በትልቅ ትሪ ደርድራ፣ ዳጣውን ደርባ፣ ተሸክማ ወጣች። "እትዬ፣ ወዴት?" ብላት፣ "ዝም በል፣ ዳቦውን ይዘህ ተከተለኝ!" አለች። ሣሩን አልተሻገረችም። በሙዙ፣ በሰልባጁ፣ በፀጉር ቤቱ፣ በካሴት ቤቱ በኩል፣ ያንን ሁሉ ዙሪያ፣ ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ ዞረች። ሲቀላ ሥራውን ትቶ ያያል። የእትዬ አማረችን እንግዶች በእትዬ አማረች ገበታ ላይ አስተናግዳ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ሳትመለከት ወጣች። ከውስጥ በወባ የተንቀጠቀጠ ድምፅ፣ "የሺ፣ ጨው አንሶታል" አለ። አክስቴ ሳትዞር፣ "አንቺ አፍሽን መሮሽ ነው" አለች። ስትመለስ እያለቀሰች ነበር።

አባባ ኩሳ የመጡት በመስቀል ዋዜማ ነው። በጋሞ ቂም ይዞ መስቀል አይገባም፤ ስለዚህ ሠፈሩ ሁሉ በረንዳው ዙሪያ ተሰበሰበ። ሣሩ ደርቆ እንደ ገለባ ሆኗል። ሽማግሌው ብዙ አላወሩም። "ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ የምታነሱት ግን እናንተ ናችሁ፤ አብራችሁ" አሉ። ሁለቱ ሴቶች እኩል ጎንበስ አሉ፣ ግንባራቸውም ቋ! ብሎ ተጋጨ። እትዬ አማረች ግንባሯን ይዛ፣ "አይ አንተ ሴትዮ!" አለች፤ ስትደነግጥ በአማርኛ ወንዱን ከሴት መለየት ይጠፋባት ነበር። አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እትዬ አማረችም አንገቷን አቅፋ፣ "የሺ፣ ያቺን ቃል ማሪኝ" እያለች አነባች። በዚያው ምሽት፣ ሣሩ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆመው፣ አባባ ኩሳ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ስለ እኔ ለመኑ። የሶዶው ነጋዴ መጥቶ ከሆነም ያየው የለም።

በሠርጋችን ቀን ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። "አባባ፣ የካምባው ለቅሶ ያን ያህል ቆየ?" ቦርዴያቸውን ጎንጨት አሉ። "ለቅሶው ቶሎ አለቀ። ተቀምጬ ነው።" "ምነው? እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ!" "ቆጮ ቀብረህ በማግስቱ ታወጣለህ?" አሉኝ። "ጠብም እንደዚያ ነው። በማግስቱ ባስታርቃቸው በአፋቸው ይታረቁ ነበር።" እኔም ተናድጄ ነበር፣ ለሠርጌ ስል ዋጥኩት። አሁን አልናደድም።

ሁለቱም ሴቶች ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ካረጁ በኋላ በዚያው በረንዳ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ማን ዓሣ እንደምትጠብስና ማን ዳጣ እንደምትፈጭ ሲጨቃጨቁ፣ አላፊው አግዳሚው እህትማማቾች ይላቸው ነበር። ልጆቻችን በዚያ በረንዳ ላይ ዳዴ ብለዋል። መናኸሪያው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ ካሴት ቤቱም ሲዘጋ፣ እኔም መኪናዬን ይዤ ወደ ሱቅ ስገባ፣ በረንዳው ብቻውን ቀረ። እና ትናንት እኔ ጭቃ አልኩት። ታደለች ልክ ናት። ፎቁ ይሠራ፣ ደግ ነው፤ ልጆቻችን የተሻለ ቤት ይገባቸዋል። ግን ጭቃ አይባልም፤ ሌላ የሚባል ነገር አይጠፋም።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ከጎረቤቴ ማንደጃና መጥበሻ ተውሼ እዚሁ ማንጎው ሥር ከሰል አያይዣለሁ፤ የሷንም ልጅ ገበያ ልኬ ሁለት ደህና ቆሮሶ አስገዝቻለሁ። ጎረቤቴ፣ "ጋሼ፣ መቼ እንደምትመጣ በምን አወቁ?" ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም፤ ዝም ብዬ ዘይቱን ነው የማግለው። ሣሩን ኋላ አብረን እናነሳዋለን፤ ጉልበታችን እንዴት እንደሚጎነበስ እንጃ፣ ግንባሬን ግን እጠብቃለሁ።

ቆይ። ከመንገዱ መታጠፊያ የባጃጅ ክላክስ ተሰማኝ። ቀጭን ናት፣ የጢንዚዛ ድምፅ ነው ያላት፤ ሾፌሩ የላንቴዋ እህቷ ልጅ መሆን አለበት፣ ነግራው ነው። ሁለት አጭር አጭር፣ አንድ ረዥም፣ መጨረሻ ላይ ቅልጥ፤ የጋሽ ከድር ዜማ።

ዓሣውን ልክተተው።